ሦስተኛው ረድፍ

ኮዬ ፈጬ መሽቷል፤ መብራት ሄዷል እንደ ልማዱ፤
የሱቁ ጀነሬተር ብቻ ያጓራል ከመንገዱ።
እኔ በዘበኛ ቤቴ፣ በቆርቆሮዋ፣ ካፖርቴን ደርቤ፣
ስልኬን ጣሳ ላይ አቁሜ፣ ብርሃኑን ወደ ልጄ ስቤ።

ሌንሴ ደብተሯን አምጥታ ጭኔ ላይ ዘረጋችው፦
«አባዬ፣ ያዝልኝ፤ በቃሌ ልበላቸው።
ስሳሳት ብቻ ንገረኝ።»
እንግሊዝኛ እኔ? ፊደሉን የማውቀው በመልኩ ብቻ ነው፣
እንደ ተከራዮቹ መኪና ታርጋ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ሳልጠይቀው።

ሦስት ረድፍ ነው ደብተሩ፣ በማስመሪያ የተሰመረ፤
ጣቴን ከአንደኛው ላይ አሳረፍኩ፤ ነገሩ ተጀመረ።

«ጎ» አለች። አገኘኋት፤ ጭራዋ የተጠቀለለች።
«ዌንት» አለች።
ጣቴ ቀጥ አለ።
ባለ ጭራዋ የት ገባች? ዘሯ እንኳ የለም በሁለተኛው መስመር።
«ተሳሳትሽ፣ ልጄ።»
«አልተሳሳትኩም፣ እሷው ናት።
ከሄደች በኋላ ሌላ ሰው ትሆናለች፤ ይኸው ነው ነገሩ።»

መምህር አጥናፉ «ሕግ የለሽ ግሦች» ይሏቸዋል አሉ፤
መቶ ሃያ ናቸው፣ ለሚኒስትሪ በቃል የሚያዙ ሁሉ።
ሕግ የለሽ!
ዘበኛ አይደለሁ? እጄ ሳላዘው
ፊሽካዬን ፈለገ፣ ከኪሴ ሊመዘው።

«ፑት፣ ፑት፣ ፑት» ስትል ባጃጅ የመጣ መስሎኝ
በሩን ልከፍት ተነሣሁ፤
በካፖርቴ ጫፍ ጎትታ አስቀመጠችኝ።
«አስቀመጠ ማለት ነው» አለች ሣቋን አፍና።
«ሸት፣ ሸት፣ ሸት»ስ? «ዘጋ።»
ይቺንስ አውቃታለሁ፣ ሳልማራት ገና፤
ትናንት ዘጋሁ፣ ዛሬ ዘጋሁ፣ ሲነጋም ከፍቼ ልዘጋ፤
በሩ ያው፣ ቁልፉ ያው፣
ደሞዙም ከአምና ወዲህ ያው።

«ሴል፣ ሶልድ፣ ሶልድ።»
«እሱስ?»
«ሸጠ።»
ጣቴ ከመስመሩ አመለጠ።
«እኔ አልሸጥኩም።»
«ማን ሸጥክ አለህ?»
«ፈረምኩ እንጂ። ፈረመስ? እሱም ሕግ የለሽ ነው?»
ቆርቆሮውን እያየች አሰበች፤
«የለም፣ ‹ሳይን› ሕግ አክባሪ ነው፤
ከኋላው ‹ድ› ትጨምርለታለህ፣ አለቀ።»
አለቀ።
ብሎክ መቶ አርባ ሁለት የቆመው ሽምብራዬ ላይ ነው፤
እሸት ሲደርስ እሷ በእናቷ ጀርባ ታዝላ፣
እጇን ዘርግታ የደረሰችበትን ትነጭ ነበር።

ዝም እንዳንባባል፦
«የአማርኛው ጨዋ መሰለሽ?» አልኳት።
«እኔ አቃቂ ገበያ፣ እየተሳቀብኝ ነው የለመድኩት፤
የሣቀብኝን ሁሉ አስታውሳለሁ።
‹አለ›ን ስለ ትናንት ጠይቂው፣ ‹ነበረ› ይልሻል፤
ስለ ነገ ጠይቂው፣ ‹ይኖራል›።
ሦስቱ መንገድ ላይ ቢገናኙ
ማን ወንድማማች ይላቸዋል?
‹መጣ›ን ደግሞ እዘዢው እስቲ።»
«ምጣ» አለች፤ ጆሮዋን ከበዳት። «ና!»
«አየሽ?»
ከደብተሯ ጀርባ ጻፈችው፤
ነገ መምህር አጥናፉን ልታፋጥጥ ነው።

«ሦስተኛው ረድፍስ ለምኑ ነው?»
«እሱ ብቻውን አይቆምም። ከፊቱ ‹ሃቭ› ይፈልጋል።»
«‹ሃቭ› ምንድን ነው?»
«አለኝ።»
ምን አለኝ ልል ስል፣ ‹ሄጃለሁ› የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ተሰነጠቀ፦
ሄጄ፤ አለሁ።
ሁለት ነው ለካ፣ ተጣብቆ።
ስንት ዘመን ስናገረው አልሰማሁትም።
ሄጄም አለሁ። እዚሁ፣ ሽምብራዬ ላይ፣ ቁልፍ ይዤ።
ይህን አልነገርኳትም።

ስልኩ ሞተ።
ከጨለማው ውስጥ እንደገና ከ«ጎ» ጀመረች፤
የማነብ ይመስል ጣቴን ከደብተሩ አላነሣሁም።
ከዚያ ጡሩምባ፤ የሦስተኛ ፎቁ ሰውዬ ነው፣
ሁልጊዜ ሰው የሞተበት ይመስል።
«መጣሁ!» አልኩ ከዱካዬ ሳልነሣ።
«አባዬ፣ ያ እኮ ኃላፊ ጊዜ ነው» አለች።
«ገና አልተነሣህም።»